ቅርፊት የቀረበት የጾም አይስክሬም

ደባርቅ ብርድ ስለሆነ አይስክሬም አይሸጥበትም ይላሉ። ውሸት ነው። ብርድ የአይስክሬም ጠላት ሆኖ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ የቆላ ሰው የቀለጠውን በጭልፋ እየቀዳ ለጎረቤት ያድላል፤ የእኔ እስከ ማግስቱ እንደረጋ ይቆያል። ደግሞ ይኸው የከተማችን ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቢራ ሲጠጣ ብርዱን የሚያነሳ የለም። እዚህ አገር አይስክሬምን የሚገድለው ቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብን ያዙ፣ ዐቢይ ጾምን ጨምሩ፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና ፍልሰታን ደርቡበት። ከዚያ ለወተት የተረፈውን ቀን ቁጠሩና ንግድ ጀምሩ።

እኔ ጀምሬያለሁ። የማስተምረው ዳባት ነው፣ የምኖረው ደባርቅ። በመካከሉ ያለውን መንገድ በሚኒባስ ስመላለስ ስለ አይስክሬም አስባለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያስበው የከበደ ጉዳይ አያጣም፤ የከበደውን ግን ብዙ አስቤበት ያመጣሁት ለውጥ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ጎንደር ላይ ነው። ፈተና ለማረም በሄድኩበት ጊዜ በኩባያ የገዛሁት አይስክሬም አሸዋ አሸዋ የሚል ስኳር ነበር። ይህን ያህል ማበላሸትማ እኔንም አያቅተኝም ብዬ ተመለስኩ። ባልዲ ውስጥ ከሆቴል የገዛሁትን በረዶና ጨው ሞልቼ፣ ወተት የያዘ ጣሳ ከመካከሉ ከትቼ፣ ጣሳውን ወዲያ ወዲህ ማዞር ያዝኩ። ባለቤቴ ለእናቷ በስልክ ስትነግር ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ እሳት በሚያነድበት አገር ቤቱ ተቀምጦ ብርድ የሚሠራ ባል የደረሳት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ ላሉት የቱሪስት ማረፊያ ሎጆች ማቅረብ ነበር። ሎጆቹ አሉ፣ እንግዳው የለም። ስለዚህ ሕልሜን ከተራራው አውርጄ ገበያው አጠገብ ወዳለ ጁስ ቤት ወሰድኩት። የጁስ ቤቱ ባለቤት ከእኔ ጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ሳትስቅ የምትቀልድ ሴት ናት። ትልቅ ፍሪዘር አላት። በፍስኩ ወራት ከፍሪዘሩ አንድ ጥግ ሰጠችኝ፤ የወተቱ አይስክሬም በመጠኑ ተሸጠ። የቅበላ ሳምንት ሲደርስ ግን ጠራችኝና እስከ ደብረ ዘይት፣ ማለትም እስከ ጾሙ እኩሌታ፣ የሚሸጥ ነገር ካላመጣሁ ጥጉን ለዓሣ ነጋዴ እንደምታከራየው ነገረችኝ። እኔ ቤት ፍሪዘር የለም። ያ ጥግ ከሄደ ወደ ባልዲው ነው የምመለሰው፤ በባልዲ ደግሞ ሱቅ አይከፈትም። ጡረታ ሳልወጣ ከጠመኔ ሌላ የምታወቅበት ሥራ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር።

መልሱ ሱፍ ሆኖ ተገኘ። ለጾም ፍትፍት የምንበጠብጠው ሱፍ ማለቴ ነው። ለቅሜ፣ ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በውኃ በጥብጬ አጠለልኩት። እንዲወፍር የተልባ ውኃ፣ እንዲጣፍጥ ማር ጨመርኩ። የመጀመሪያው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ጉሮሮ ይከረክራል። አንዱን ማጥለያ በሁለት፣ ሁለቱን በሦስት እያደረግሁ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ አንድም ቅርፊት የሌለው፣ ነጭ፣ ምላስ ላይ እንደ ቅቤ የሚሟሟ ነገር አወጣሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ያላፈርኩበት እሱ ነው።

መጀመሪያ የቀመሰው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነበር። አንድ ማንኪያ ወደ አፉ ከተተ፣ ቆመ፣ ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጠ።

«መምህር፣ ይሄ ወተት ነው።»

ሱፍ መሆኑን ነገርኩት። እሱ ሱፍ እየበላ እንዳደገ ነገረኝ። ቀጥለው የመጡ በዕድሜ የገፉ እናት ኩባያውን አሽትተው መለሱልኝ፤ እሳቸው በእርጅናቸው ጾም ሊገድፉ እንዳልመጡ በትሕትና ገለጹልኝ። በሳምንቱ መጨረሻ መምህሩ ሰው ያስገድፋል የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዳባት ደርሶ ነበር። ባለቤቴን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሴቶች ከበው ቤታችሁ ይጾማል ወይ ብለው ጠየቋት።  ስትመለስ ሽሮውን ያለ ዘይት ሠራችው።

የንስሐ አባቴን ለመንኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው እንዲያዩ፣ ከዚያ እንዲቀምሱ፣ ከዚያ የመሰላቸውን እንዲፈርዱ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጡ። ዓይናቸው እያየ እንዲረጋ የድሮውን ባልዲ አወጣሁ። ሱፉ ሲወቀጥ ከሙቀጫው ዓይናቸውን አላነሱም። የተልባውን ሳህን አሸተቱ። ወተቱን የት እንደማስቀምጥ እንደ ዋዛ ጠየቁኝ፤ ወተት ቤቱ ውስጥ እንደሌለ ነገርኳቸው። ሲረጋ በኩባያ ሰጠኋቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ደገሙ። ኩባያውን ጨርሰው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጾም ነው» አሉ።

ይህንኑ እሑድ ለምእመናኑ ቢነግሩልኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓውደ ምሕረት የአይስክሬም ማስታወቂያ የሚነገርበት አለመሆኑን አስረዱኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«እስከ ፋሲካ ግን ለእኔ አታምጣልኝ፣ ልጄ።»

«ለምን አባ? ጾም ነው ብለውኝ የለም?»

«ጾምስ ጾም ነው። ይጣፍጣል።»

ለጁስ ቤቷ ባለቤት ሁሉንም ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ሰማችኝ።

«መምህር፣ ሰው የሚያምነው ጥርሱ ሥር የቀረውን ነው። ቅርፊቱን ይተዉበት።»

ብዙ ተናገርኩ። እኛ ሻካራውን ሁሉ እውነት አድርገን እንደምንወስድ፣ የሚቆጣ መምህር ዐዋቂ፣ የማይገባ መጽሐፍ ጥልቅ፣ የሚኮሰኩስ ነገር ሁሉ ጽድቅ እንደሚመስለን አስረዳኋት። ቅርፊቱን ለማውጣት ሁለት ሳምንት የደከመ ሰው ለመታመን ሲል መልሶ መክተት እንደሌለበት፣ ይህም ከአይስክሬም ያለፈ ጉዳይ መሆኑን ነገርኳት። እሷ ብርጭቆዎቹን አድርቃ ደረደረች።

«ጨረሱ?» አለችኝ። «ዓሣ ነጋዴው ደውሏል።»

በደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ በጣም በጠራው ጣሳ ላይ ሁለት እፍኝ ቅርፊት መልሼ ጨመርኩ። ነጩ ወደ አመድማ አደላ። ሳማስለው ማንኪያው ተንኮሻኮሸ። ያላደረግሁት ነገር ቢኖር መቅመስ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ያ የጤና ጣቢያ ወጣት መጣ። የመጣው ሊገዛ ሳይሆን ሊያረጋግጥ ይመስለኛል። ቀመሰ፣ አላመጠ፣ ከፊት ጥርሱ መካከል አንዲት ቅርፊት በጥፍሩ አወጣና ብርሃን ላይ ያዛት።

«ይኸው» አለ። «አሁን ጾም ሆነ።»

ለእናቱም ጨምሮ ገዛ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እያላመጡ ሄዱ፤ ያሸተቱት እናት እንኳ አንድ ኩባያ አዘዙና ይህ የድሮውን የሱፍ ፍትፍት እንደሚያስታውሳቸው ተናገሩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጣሳው ባዶ ነበር። የጁስ ቤቷ ባለቤት የፍሪዘሩን ጥግ በጨርቅ ወለወለችና ለዓሣ ነጋዴው ደውላ ቦታው መያዙን ነገረችው። እንኳን ደስ ያለዎት አላለችኝም፤ ሁለት ጣሳ እንዳመጣ ብቻ ነገረችኝ።

አሁን ሁለት ጣሳ አመጣለሁ። አንደኛው ቅርፊት አለበት። ሁለተኛው የጠራው ነው፤ ከሥር፣ ከውኃ ጠርሙሶቹ ኋላ አስቀምጠዋለሁ። በጾም ወደ ደባርቅ ከመጣችሁ የታችኛውን ጠይቁ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትበሉት ግን ጣፈጠ እንዳትሉ። ፊታችሁን አጨማድዱና ብሉ።