አገርዎ የት ነው?

ቅጹን ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ በጊዜው ለማንም አልተናገርሁምና።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከጎረቤታችን ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ አሰብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ጥለው በበረሃው መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወጡ። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ስደተኞችንና ተፈናቃዮችን መልሶ በሚያቋቁም አንድ የሉተራን በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የምዝገባ ሠራተኛ ነበርሁ። ቢሮአችን ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ ነበር። ምዝገባውን የምናካሂደው ግን ኮምቦልቻ ወርደን፣ ሰዎቹ በሸራ ከተጠለሉበት ሜዳ አጠገብ በሚገኝ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው።

ቅጹ የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። አንደኛው ዓምድ ተፈናቃዩ ተቋቁሞ ሊኖርበት የሚፈልገውን ስፍራ ይጠይቃል። ይህን እንዳለ ሳሰፍረው ረዘመብኝ፤ ዓምዱም ጠባብ ነበር። ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ አስቀረሁ፤ «አገር»። አጭርና ንጹሕ፣ ማንም የሚያውቀው ቃል ነው። ጋሼ የምንላቸው ኃላፊያችን፣ ረጋ ያሉ አዛውንት፣ ረቂቁን አንብበው «አማርኛ ማለት እንዲህ ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው ለብዙ ቀን ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

በዚያ ዓምድ መሠረት ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈል ነበር። የገጠር ወረዳ ያስመዘገበ ቆርቆሮና ምስማር ተቀብሎ ወደ ወረዳው ይሄዳል። ወረዳ የሌለው ደግሞ ኮምቦልቻ ከምናሠራቸው ክፍሎች አንዱ ይደርሰዋል። በቢሮ አነጋገራችን የፊተኞቹ «አገር ያላቸው»፣ የኋለኞቹ «አገር የሌላቸው» ይባሉ ነበር። ክፍል የሚያገኘው አገር የሌለው ነው።

ሴትዮዋ የመጡት በምዝገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ሰልፉ ረዝሞ ሰው በጨዋታ ጊዜውን ይገፋል።

«እኔ ምለው፣ ይሄ ሉተር የሚሉት ሰውዬ ራሱ መጥቷል?» አለ ከመካከል አንድ የወደብ ጫኝ የነበረ ጎልማሳ።

«ሞቷል አሉ፤ ድሮ።»

«ታዲያ ስንዴውን ማን ነው የሚልከው?»

«ልጆቹ ናቸዋ!»

ሳቁ ሳይበርድ ሴትዮዋ ፊቴ ቆሙ። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። በብብታቸው ትልቅ የብረት መጥበሻ ይዘዋል። ከመናገራቸው በፊት ትንፋሻቸው እንደ ፉጨት ይሰማል፤ የቆየ አስም ነበረባቸው። አሰብ ወደብ ላይ ለሾፌሮች ዓሣ እየጠበሱ ኖረው፣ ባላቸውን እዚያው ቀብረው፣ ልጅ ሳይወልዱ ነው የወጡት።

«መጥበሻውን መሬት ያስቀምጡት እንጂ፣ እናቴ» አልኋቸው።

«የለም ልጄ፣ ይኸ እኮ እንጀራዬ ነው። ከሐይቅ ዓሣ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። እዚሁ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ እጠብሳለሁ፤ የጅቡቲ መኪና ሁሉ በዚህ አይደል የሚያልፈው? ደግሞ ሙቀቱ ለደረቴ ደኅና ነው፣ አልሃምዱሊላህ።»

አዳመጥኋቸው። ዓምዱ የሚፈልገውን መልስ ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል፤ እኔ ግን ወሬ መስሎኝ ብዕሬን ሳላነሣ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ቅጹን ተከትዬ፦

«አገርዎ የት ነው?» አልኋቸው።

ቀና አሉ። «አገሬማ ኩታበር ነው! የአባቴ አገር። ምነው ልጄ፣ አገር የሌለኝ መሰልሁሽ?»

ጫኙ ከኋላ ጣልቃ ገባ። «ኩታበርን ደግሞ መቼ አየሽው? በመርከብ ሄደሽ ነው?»

«አንተ ዝም በል! አባቴ ሲምል በኩታበር ነበር፣ ወላሂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ፈገግ እንዳልሁም «ኩታበር» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። ያ መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ዝርዝሩ ጸድቆ ከተለጠፈ በኋላ ሴትዮዋ ወደ ደሴ መጡ። የፒያሳውን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸውን ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሰማው ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው፤ መናገር እስኪችሉ ቆየን።

«ልጄ፣ ኮምቦልቻ ነው ያልሁሽ እኮ።»

«ኩታበር ብለው ነው ያስመዘገቡት፣ እናቴ።»

«እሱማ አገሬ ነው። የምኖርበትን መች ጠየቅሽኝ?»

ገብቶኛል፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ገብቶኛል። እኛ ዘንድ አገርህ የት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው የወገኖቹን መነሻ ይናገራል እንጂ ማደሪያውን አይናገርም። እኔም እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አገርሽ የት ነው ብትሉኝ ግን የአያቴን ቀበሌ ነው የምጠራላችሁ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ነበር።

ጋሼ ዘንድ ገብቼ ጉዳዩን አስረዳሁ፤ የኩታበር ደጋ ለደረታቸው እንደማይስማማ የሚገልጸውን፣ ይዘው የመጡትን የሐኪም ወረቀትም አሳየሁ። «ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቢው» አሉኝ። ተቀምጬ ጻፍሁ። «ጥያቄው በተሳሳተ ቃል ቀርቦላቸው ነበር» ማለት ይገባኝ ነበር። እንዲያ ብጽፍ የማን ቃል ነው መባሉ አይቀርም፤ በዚያ ዓምድ የሰፈረው ሁሉ ሊመረመር ነው፤ ያ ሁሉ ምስጋናም የእኔ ነበር። ስለዚህ «አመልካቿ ቀደም ሲል የሰጡትን ቃል ለውጠዋል» ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አልነበረም። መዝገብ ቢታይ ያንኑ ይመሰክራል።

ጋሼ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃል መለወጥ ከጀመርን ማቆሚያ የለውም፣ ልጄ። ለአንዷ ከፈቀድን ሁሉም ኮምቦልቻ ይላል። ክፍሎቹም ተመድበው አልቀዋል።»

ለሴትዮዋ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። መጥበሻቸውን አንሥተው «አላህ ያቀናዋል» አሉ። ደረጃውን በግድግዳው እየተደገፉ ወረዱ።

ኩታበር የሄድሁት ከሁለት ወር በኋላ፣ ቆርቆሮ ከሚያደርሰው መኪና ጋር ነው። ብርዱ የጠናበት ወር ነበር። ያስጠጋቸው የአጎታቸው ልጅ፣ ጭምት ገበሬ፣ እህል ያስቀምጥባት የነበረችውን ትንሽ ቤት ለቆላቸዋል። በክፋት አይደለም፤ ሌላ አልነበረውም። «መሬቱ በሽግሽጉ ጊዜ አልቋል» አለኝ፤ «ቆርቆሮውንስ ምን ላይ ላቁመው?»

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ተኝተው መተንፈስ አይችሉም ነበር። መጥበሻው ከራስጌያቸው ተሰቅሏል።

«እዚህ አየሩ ቀጭን ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «አይያዝም።»

«መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እንግዳችን ይሉኛል። ስንት ጊዜዬ፣ አሁንም እንግዳችን።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲለቃቸው እጄን ያዙ። «እኔ እኮ የአባቴን ስም ልታከብሪልኝ የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነው።»

ያኔ እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከትከሻዬ ያለውን ጋቢ አልብሻቸው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጉዞ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ለራሴ ቃል ስገባ ደሴ ደረስሁ።

የሚቀጥለው ጉዞ ሳይደርስ የአጎታቸው ልጅ ቢሮአችን መጣ። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለው ነገር በእጁ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እታለም። ያቺ እህታችን ወደ አኼራ ሄደች።»

ቆምሁ። ተቀመጪ ብሎ በእጁ አመለከተኝ፤ በገዛ ቢሮዬ።

«ቀብረናል፤ ሰደቃዋንም አውጥተናል፤ ምንም አልጎደለባትም። አንድ ነገር ብቻ ቸገረን። መርዶ የምንነግርላት ሰው አጣን። እኛ አባቷን በስም እንጂ በመልክ አናውቀውም፤ እሷንም ከበረሃው መምጣቷን እንጂ የት እንዳደገች አልጠየቅናትም። አብሯት ያደገ፣ ያስለቀሰችው፣ ያሳቀችው ሰው ይኖራል መቼም። ሠፈሩ ሁሉ ‹አገሯ የት ነው?› ይለኛል። ድርጅቱ በመዝገብ ይዞታል ስላሉኝ ነው የመጣሁ።»

መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድሁ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ጣቴን በስማቸው ላይ አድርጌ «ኩታበር» እስከሚለው ዓምድ ወሰድሁት። ሰውየው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ይመለከታል፤ ማንበብ ግን አይችልም።

«ምን ይላል?»

«አሰብ ይላል» አልሁት።

«አሰብ።» ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመው። «መንገዱ ዝግ ነው፣ አይደል?»

«ዝግ ነው።»

«ደብዳቤስ?»

«እሱም አይሄድም።»

ከዚያ ከረጢቱን ፈትቶ መጥበሻውን አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ፣ በመዝገቡ አጠገብ አኖረው። «ወራሽ ከመጣ ስጡልኝ። እኛ ዘንድ ዓሣ የሚበላ የለም» አለና ተሰናብቶኝ ደረጃውን ወረደ።

መጥበሻው ጥቀርሻ ነበረው። ገጹን እንዳይነካብኝ መዝገቡን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁት።