የጀሪካኑ ሥልጠና

በመርማሪው ቢሮ ውስጥ አራት ነበርን። መርማሪው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ተማሪዋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጎረቤቴ በሩ አጠገብ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ። እኔ መሀል ላይ ነበርኩ፤ ወንበር አልተሰጠኝም።

እኔና ጎረቤቴ ሚዛን ከተማ የታሰርነው በአንድ ጠዋት ነው። ወጣቶች በቤቴ በረንዳ ተሰብስበው ስለ አካባቢው አስተዳደር ተነጋግረው ነበር። እኔ ወንበር አወጣሁላቸው፤ እርሷ ውሃ አቀበለች። አጥራችን አንድ ነው፤ ልጆቻችንንም አብረን ነው ያሳደግነው። የእስር ክፍሉ በር ተከፍቶ የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ሲቀበለኝ፣ ከእርሷ ጋር መሆኔን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ተማሪዋን እዚያ አገኘናት። ቴፒ የስፖርት ትምህርት ትማር ነበር። ዝናቡ ስለማያባራ ወደ ግቢ አያወጡንም፤ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ላይ እንውላለን። ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ግድግዳ ስይዝ አየችኝና የውሃውን ጀሪካን እስከ ግማሽ አጎደለችው።

«እማማ፣ ይህን ታቅፈው ቁጭ ብድግ ይበሉ። ቀስ ብለው።»

ጎረቤቴ ሳቀች። «ይሄማ አርፋጅ ተማሪ የሚቀጣበት ነው! እቴ፣ የት አርፍደሽ ነው?»

ሠራሁ። ከዚያ ጀሪካኑን በሁለት እጄ እስከ ደረቴ፣ ቀጥሎ እስከ ትከሻዬ አነሳሁት። ከሰዓትም ደገምን። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቡና ማድረቂያ ላይ ስሠራ ስለኖርኩ ክንዴ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። ማምሻውን ምንም አላመመኝም።

«አይኩሩ» አለችኝ ልጅቷ። «ሕመሙ ነገ ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይብሳል።» ከዚያም እንደ አሰልጣኝ አጨብጭባ፣ «የዛሬው ሥልጠና አበቃ!» አለች። ከሁላችን በላይ የሳቀችው ጎረቤቴ ነበረች።

እንዳለችው ሆነ። በማግስቱ ጭኔና ክንዴ ተሳሰረ።

«እኛ መታሰራችን አንሶ ጡንቻሽም ታሰረ» አለች ጎረቤቴ።

ልጅቷ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሥጋው ውስጥ ድፍን ብሎ ሲያምዎት አይፍሩ፣ ጀማሪ ሁሉ ያመዋል። መገጣጠሚያዎ ላይ ከወጋዎት ግን ይንገሩኝ። ዛሬ ምንም አያነሱም። ተኝተውም አይዋሉ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሱ። ውሃ ይጠጡ። ከቤት የመጣልዎትን ጎደሬም ይጨርሱ። ለመጀመሪያ ቀን በዝቶብዎታል።»

በሚቀጥለው ጠዋት የቀሚሴን የኋላ ቁልፍ መቆለፍ አልቻልኩም። ጎረቤቴ ቆለፈችልኝ። ወዲያው ለምርመራ ተጠራች፤ ቆየችም። ቀጥሎ ዘበኛዋ መጥታ እኔንና ተማሪዋን ወሰደችን።

«ክፍል ውስጥ ሥልጠና አለ» አለ መርማሪው።

«የምን ሥልጠና?»

«እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ።»

አነሳሁ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። መርማሪው ጎረቤቴን አያት። እርሷም፣ «አልነገርኩህም?» በሚል ዓይን አየችው። ያኔ ገባኝ።

«እኔ የጨመርኩት የለም እኮ» አለች፣ ለእርሱ ሳይሆን ለእኔ። «ሥልጠና ያለችው ራሷ ናት። ያለችውን ነው ያልኩት፣ እቴ።»

እውነቷን ነው፤ ቃሉ የልጅቷ ነው። ግን ክፍላችን ውስጥ ቀልድ የነበረው ቃል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጫካና ጠመንጃ ነበረው። ይህን ጎረቤቴ ከእኔ ባላነሰ ታውቃለች።

ተማሪዋ በማግስቱ በዋስ ልትፈታ ነበር። መርማሪው ነገሩን አልሸፋፈነም።

«ያሠለጠነችን እሷ ናት ካሉ ከጎረቤትዎ ጋር ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ። ካላሉ እዚሁ ነዎት።»

«ያሠለጠነኝ የለም። ጉልበቴ ቢያስቸግረኝ ጀሪካን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክንዴም አልነሳ ያለው ስላበዛሁት ነው።»

«ቁጭ ብድጉስ?»

«ቁጭ ብድግ እናንተም እስረኛ ስትቀጡ ታሠሩታላችሁ። እሱም ሥልጠና ነው?»

ተማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላየሁም።

እርሷ እንደተባለው በማግስቱ ተፈታች። ጎረቤቴ በምርመራው ዕለት ከሰዓት ቤቷ ገባች። እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ጡንቻዬ ሳምንት ሳይሞላው ተፈታ፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ፣ ሳላበዛ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ዛሬም አነሳለሁ። ዛሬም ከጎረቤቴ ጋር አጥራችን አንድ ነው። ሰላም እንባባላለን። ቡና አስጥታ ሳለ ዝናብ ከመጣ እጠራታለሁ። ቀሚሴን ስትቆልፍልኝ ልትናገር ወስና እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያ የምርመራ ቀን፣ መልሴን ሲሰማ መርማሪው «ይውጡ» አለኝ። ከቢሮው በር ቁልቁል የሚያወርደው ደረጃ በጭቃ ረጥቧል፤ ጭኔ ደግሞ አልታጠፍ ብሏል። ጎረቤቴ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«ያዢኝ፣ ትወድቂያለሽ» አለች።

ግድግዳውን ይዤ፣ በጎኔ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርጄ ሄድኩ።