ልጄ በልሳን የጸለየች የመሰለን ዕለት

ሶስና ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እማዬ፣ ብርሃን ዓይኔን እየወጋኝ ነው» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ግንባሯ ይፋጃል። ጉንፋን መስሎኝ ፓራሲታሞል ሰጥቼ አስተኛኋት። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። አንገቴን አለች።

ውጫሌ ያለን ጥቂት ጴንጤዎች ረቡዕ ጠዋት በየተራ በየቤታችን ለጸሎት እንሰበሰባለን። የዚያን ቀን ተረኛ እኔ ነበርሁ። መሪያችን ወንድም ግዛው ልጄ ላይ እጁን ጭኖ በልሳን መጸለይ ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው። ድንገት የሶስና አንደበት ተፈታ። ትርጉም የሌለው ነገር ቶሎ ቶሎ፣ ሳታቋርጥ ትናገራለች።

«ሃሌሉያ! ልጅቷ በመንፈስ ተሞላች!» አለ ግዛው።

እልል አልሁ። ይህን አልደብቅም። ልጄ እየሞተች እልል አልሁ።

ቆየት ብዬ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ስለው፣ «እህት አስካለ፣ መንፈስ የጀመረውን በመርፌ ልታቋርጪ ነው?» አለኝ። ተቀመጥሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ።

ጎረቤቴ ሰዓዳ ጩኸታችንን ሰምታ ገባች። ጅዳ ሰው ቤት በሽተኛ ልጅ ስታስታምም ኖራ የተመለሰች ናት።

«አስኩ፣ ምን ሆናችሁ ነው ቤቱን የምታፈርሱት?» እያለች የሶስናን ራስ ቀና ልታደርግ ሞከረች። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቋል። «ያ አላህ! ይቺ ልጅ እየቃዠች እኮ ነው! ተነሺ!»

«እህቴ፣ ይህ የእኛ የእምነት ጉዳይ ነው» አላት ግዛው።

«አንተ እምነትህን ያዝ፣ እኔ ልጅቷን ልያዝ» ብላ አዝላት ወጣች።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን፤ ከዚያ በአምቡላንስ ደሴ። ሐኪሙ ከወገቧ ፈሳሽ ቀዳ። ደፍርሷል።

«ባክቴሪያል ሜኒንጃይትስ ነው። ማጅራት ገትር። መቃዠት ከጀመረች ስንት ሰዓት ሆናት?»

ነገርሁት። ከዚያ «ትንሽ ብትቆዩ አናገኛትም ነበር» አለ።

ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ጀመሩላት። አልነቃችም። ሁለተኛው ቀንም አልነቃችም።

አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ በአማርኛ መጸለይ ጀመርሁ። የግዛው ልጅ ከሶስና ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። ከአፌ የወጣው የእሷ ስም ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እሷንም እንዲህ አድርጋት፤ አባቷ ይየው» ልል ነበር። ግማሹን ብያለሁ። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ከዚያ በኋላ በልሳን ብቻ ጸለይሁ። ሰዎች የልሳን ጥቅሙ ምንድን ነው ይሉኛል። ለእኔ ጥቅሙ ይህ ነው፦ የምለውን ስለማላውቀው ላበላሸው አልችልም። ክፋቴ ቃል አጥቶ ቀረ፤ ለልጄ የሚያስፈልገውን ግን የሚያውቀው መንፈስ ለመነልኝ።

በአራተኛው ቀን ውኃ ጠየቀች። የሁለት ሳምንት መርፌዋን ጨርሳ ስንመለስ፣ ሐይቅ ከተማን አልፈን ወደ አምባሰል ዳገት እስክንወጣ ድረስ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ሜዳውን፣ ከብቱን፣ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ እየቆጠረች ስታወራኝ፣ እኔም በግራዋ በኩል ስመልስላት እንደማትሰማኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። በሽታው የግራ ጆሮዋን ነርቭ ገድሎታል። አይመለስም።

እሑድ ግዛው ተነሥቶ «ልጅቷን ጸሎታችን አዳናት» ብሎ መሰከረ። እኔም ተነሣሁ። እልልታዬንም፣ ሦስቱን ሰዓትም፣ እሱ ያለኝንም፣ ጆሮዋንም አንድ በአንድ ተናገርሁ። ፊቱ ሲጠቁር ደስ አለኝ። ከመሪነቱ ሲያወርዱት ደስ አለኝ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል። አልሰጠሁትም።

ሶስናን ለመለሰልኝ ጌታ፣ ለሰዓዳ፣ ለዚያ ሐኪም ምስጋናዬ አያልቅም።

ልጃችሁ ካተኮሳት፣ ብርሃን ከጠላች፣ አንገቷ ከደረቀ፣ የማይገባ ነገር ከተናገረች፣ ማንም ምንም ቢላችሁ ተሸክማችሁ ሩጡ። በልሳን ጸልዩ፤ እየሮጣችሁም ይጸለያል።

የምትበቀሉት ሰው ያላችሁ እንደሆነም በልሳን ጸልዩ። እኔ ስለ ግዛው በአማርኛ ከጀመርሁ መጨረሻው አያምርም። በልሳን ግን በየቀኑ ስለ እሱ እንበረከካለሁ። መንፈስ በእኔ አፍ እየባረከው ከሆነ ይባርከው፤ እኔን ግን በአማርኛ ባርኪው እንዳይለኝ።