በባለመብቱ መስመር ላይ የጻፍኩት ስም

ኅዳር 12 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሪያድ፣ ጉበይራ። የኤልያስን ፕሮግራም በሌላ ሰው ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም።

ኤልያስ የደሴ ልጅ ነው። ከፊል በምንለው በአሠሪ ዋሱ ግንባታ ላይ እየዋለ፣ በእረፍቱ ባቃላ የሚባሉት የሰፈር ሱቆች ሽያጫቸውን የሚይዙበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ባለሱቆቹ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ካልተሰጠን አንገዛም አሉት፤ እሱ አንድ ቀን በፖሊስ ቢያዝ ማን ያስተካክልላቸዋል? እሱ ደግሞ ኮዱን የወሰደ ሁሉ መልሶ እንዳይሸጠው ፈራ። ለፕሮግራሙ ተስማሚ የአጠቃቀም ፈቃድ እንድመርጥለት ለመነኝ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ውል ማንበብ አይከብደኝም።

ሁለት ዓይነት ፈቃድ አነበብኩ። አንደኛው ኮዱን ያገኘ ሁሉ እንዲሸጠው ይፈቅዳል። ሁለተኛው ገዢው ኮዱን አይቶ ለራሱ ሱቅ እንዲያስተካክል ይፈቅድና፣ መሸጥን ለባለመብቱ ብቻ ይተዋል። ሁለተኛውን መረጥኩ። ምርጫው ትክክል ነበር። ጥፋቴ የባለመብቱ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ነው።

«የኔን ስም ነው የሚጽፉት አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ኢቃማህ ሳይታደስ ስምህን ወረቀት ላይ ታወጣለህ እንዴ፣ ወንድሜ? የከፊልህን ስም እንጻፍ። ሲምህስ በማን ስም ነው?»

ሳቀ። «ሲሙም በሱ፣ ቤቱም በሱ። በስሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኸላስ፣ እርስዎ ካሉ ይሁን።»

እዚህ ኢቃማችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በከፊላችን እጅ ስለሆነ፣ ያለንን ሁሉ በስሙ ማስመዝገብ ለምደናል። ታዲያ ልማድ ነው ልበል? አልልም። «ለባለመብቱ ብቻ» የሚለውን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ምን እንደሚያመጣ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ጻፍኩ። ለምን? የኤልያስ ከፊል የኔም ከፊል ነበር። በኤልያስ ስም ጽፌው ማን መከረው ብሎ እንዲጠይቅ፣ የኔንም ኢቃማ እንዲይዝብኝ አልፈለግኩም።

ከፊሉ ፕሮግራሙን ለአንድ ድርጅት ሸጠ። ኤልያስንም ከእንግዲህ ብትሸጥ ፈቃዱን ትጥሳለህ አለው፤ እኔ የመረጥኩትን ፈቃድ። ኤልያስ ከፊሉ ፊት ወስዶኝ፣ ማን እንደሠራው እንድመሰክር ጠየቀኝ። ሙያዬ ያየሁትን መናገር ነው። ሲሠራው አይቻለሁ።

«እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው ያነበብኩት» አልኩ።

አልተቆጣም። አየኝና ወጣ። አሁንም ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ከጀርባዬ ቆሞ የሚያነብ ይመስለኛል። ዞሬ አላይም።

ኢቃማዬ በዚያው ሳምንት ታደሰ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልጠይቅም፤ የበደልኩት እሱን ነው። የማውቀውን ብቻ ልጻፍ። ከፊሉ፣ ኤልያስ ከሥራው ጠፍቷል ብሎ አስመዘገበው። መንፉሐ ሰፈር ውስጥ በፖሊስ ተያዘ። ከአገር የሚባረሩ የሚታሰሩበት ተርሒል ገብቶ ወደ አገር ቤት ተላከ። ዛሬ ጠዋት ሙረባዕ ሰፈር ከአንድ ባቃላ ውኃ ገዛሁ። ደረሰኙን ያወጣው የኤልያስ ፕሮግራም ነው።