ክዳኑ በማን እጅ ነበር

ሰላጣ ላይ አቼቶ ሲፈስ ከገበታ ለምን እንደምነሳ ልጆቼ አያውቁም፤ ነግሬያቸውም አላውቅም። ያ ሽታ የካ ከዳገቱ ሥር በነበረው ቤታችን፣ አባቴ ፊልም ከሚያጥብባት ጨለማ ክፍል በበሩ ሥር እየሾለከ ይወጣ የነበረው የመድኃኒት ሽታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ በሩን ተደግፌ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስበው ከፍቶ ብርሃን እንዳያስገባ እጠብቅ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። መገናኛ አካባቢ ባለቀለም ፎቶ የሚያነሱ አዳዲስ ፎቶ ቤቶች ሲከፈቱ፣ አባቴ ግን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው የገዛትን አሮጌ ካሜራ ይዞ ቀረ። በዚያች ካሜራ የሚታየው በሌንሱ ሳይሆን ከበላዩ ባለች ትንሽ መስኮት ነበር፤ በመስኮቷ ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ የሌንሱን ቀለበት ቀስ አድርገው ሲያዞሩ ሁለቱ እየተጠጋጉ መጥተው አንድ ይሆናሉ፣ ያን ጊዜ ይነሳል። ሌንሱ በዕድሜ አባቴን ሳይበልጥ አይቀርም፤ መስታወቱ ተጫጭሮ፣ ውስጡም ትንፋሽ እንደነካው ደብዝዞ ነበር፤ ፀሐይ ከተነሺው ጀርባ ስትሆን ብርሃኑ በፀጉሩና በትከሻው ዙሪያ ይፈስ ነበር። ደንበኞች «ጭጋግ ነው እንዴ ያነሳኸው?» እያሉ ይመልሱበት ነበር። እሱ ግን አዲሶቹ ሌንሶች የሰው ፊት ላይ ያለውን ሽፍታ ይቆጥራሉ፣ ይህኛው ሰው ላይ አይጨክንም ይል ነበር። ስለ ሌንሱ እውነቱን ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ እሑድ እሑድ፣ ሙሽሮችና ተማሪዎች ወደሚነሱበት ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ይዞኝ ይወጣ ነበር። የእኔ ሥራ የሌንሱን ክዳን መያዝ ነበር። በዚያች ካሜራ ክዳኑ ሌንሱ ላይ ቢረሳ እንኳ በመስኮቷ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ስለሚታይ፣ አንሺው ባዶ ፊልም እያነሳ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ አባቴ ከማንሳቱ በፊት «ክዳኑ?» ይለኝ ነበር፣ እኔም መዳፌን ዘርግቼ እያሳየሁት «እጄ ላይ» እል ነበር። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው።

እናቴ በጥቅምት ታመመች፣ ገና ሲደርስ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና ከመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ በቀር አንድም ፎቶ አልነበራትም፤ የሰው ሚስት ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱን ነገ ነገ ሲል ከርሞ ነበር። በጥር አንድ እሑድ «ዛሬ ደህና ነኝ» ስትል፣ አባቴ መኪና ለምኖ ሁላችንንም ወደ እንጦጦ ወሰደን። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ወርቁም አብረውን ነበሩ። አባቴ ከእናቴ ጋር መነሳት ስለፈለገ፣ ቀለበቱን አስተካክሎ ካሜራዋን ለእሳቸው ሰጠ። እኔ ክዳኑን ነቅዬ ያዝኩ። እናቴ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ጋሼ ወርቁ «እንሞክራት እስቲ» ብለው አንድ ጊዜ ተጫኑ። ከዚያ ፀሐይ ከኋላ ሆኖ ፎቶ አይነሳም ብለው ሁላችንንም ወዲያ ማዶ አዛወሩን፤ እኔንም «አንቺም ግቢ፣ ክዳኑን አምጪ፣ ትጥይዋለሽ» ብለው ከእጄ ወሰዱት። በነፋሱ አቧራ እንዳይገባው ይመስለኛል፣ እኛ ቦታ ስንይዝ እሳቸው ሌንሱን ከድነው ነበር። ፀሐዩ አሁን ዓይናችን ውስጥ ነበር፣ ጥቁር ክዳን ደግሞ ከጥቁር ሌንስ በዚያ ርቀት አይለይም፣ አባቴም የሚያየው እናቴን እንጂ ካሜራዋን አልነበረም። ፊልሙ እስኪያልቅ አነሱን።

እናቴ በመጋቢት ሞተች። የበልጉ ዝናብ እየጣለ፣ ለአርባዋ የተሰበሰበው ዘመድ ይዞ የሚያለቅስበት ፎቶ ሲጠይቅ፣ አባቴ ያን ፊልም ሊያጥብ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ባዶ ነው አለ። ጋሼ ወርቁ ወዲያው «ልጅቷ ክዳኑን ሳትከፍት ነዋ የሰጠችኝ» አሉ። ሚስታቸው እትዬ ብዙነሽ ደግሞ በለቅሶው መሃል ወደ እኔ ዞረው «እናቷን የከደነች!» አሉ፣ ሰዉም ያን ቃል ይዞት ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊልሙ ተሰቅሎ ደርቆ አየሁት። ሁሉም እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ባዶ ነው፣ የመጀመሪያዋ ብቻ ምስል አላት። አባቴ ጨለማ ክፍሉን እየጠረገ ነበር።

«አባዬ፣ አንዷ አለች እኮ። ከፍቼ ነው የሰጠኋቸው።»

ቀና ሳይል «አይቻታለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«ጋሼ ናቸው ያሳደጉኝ። በሰው ፊት አላሳፍራቸውም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ የልጅ ጥፋት ይረሳል።»

ያን ዕለት አንዷን ፎቶ አጥቦ ሰጠኝና ለማንም እንዳላሳይ አስማለኝ። እናቴ ለመነሳት አልተዘጋጀችም፣ የቀጠነ እጇ ነጠላዋ ላይ ነው፣ አባቴ ባላት ነገር ልትስቅ ነው። ዙሪያዋን ብርሃን ውጦታል፣ ከበሽታዋ የሚታይ ነገር የለም።

የልጅ ጥፋት አልተረሳም። መስቀል በመጣ ቁጥር፣ ዘመድ በዳረ ቁጥር ያቺ ቃል ትነሳ ነበር፣ አባቴም ሰሃኑን እያየ ዝም ይል ነበር። ዝም እንዳለ ሞተ። ጋሼ ወርቁም አምና አረፉ፤ በቀብራቸው ላይ ሐሰት የማያውቁ ሰው እንደነበሩ ተነበበ፣ እኔም ቆሜ ሰማሁ።

በዚያው ሳምንት ፎቶዋን የካ አባዶ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሳሎን ሰቀልኳት። እትዬ ብዙነሽ ከሐዘን ሲወጡ ልጃቸው ደግፎ አምጥቷቸው ገቡ፣ አዩዋት፣ ተጠጉ።

«ይቺን ማን አነሳት?»

«ጋሼ ወርቁ» አልኳቸው። «የዚያን ቀን። ክዳኑ እኔ እጅ ላይ እያለ።»

ዓይናቸው ሞላ። «አየሽ» አሉኝ፣ «ፎቶም ይችሉ ነበር።»

የዛሬ ልጆች በስልክ ያነሳሉ፣ የተበላሸውን እዚያው ያጠፋሉ፣ ለባዶ ፊልም ጥፋተኛ አይፈለግም። ያኔ ዝም ያልኩት አባቴ ስላስማለኝ ነበር፤ አሁን የሚያስምለኝ የለም፣ አፌም ላይ ሁሉም ቃል ነበር። ባሏን ቀብራ የመጣችን አሮጊት አየሁና ወንበር አቀረብኩላቸው። አባቴ በዚያ ጠዋት ምን ተሰምቶት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ይቅር ግን አላልኩትም፤ እኔ ዝም ብዬ የሰጠሁት የራሴን ስም ነው፣ እሱ ዝም ብሎ የሰጠው ግን የእኔን ነበር።