ኩበት ያልጠፈጠፈችበት ዓመት

ከኮሶዬ በላይ ባለችው መንደር የሴት ሙያ በኩበቷ ክምር ይለካል። የትነበርሽ የምትከምረው ደግሞ ከመኪና መንገዱ ይታይ ነበር። ከግጦሹም ከበረቱም እበት ለቅማ፣ ጠፍጥፋ፣ አድርቃ፣ በሳር ከድና ታቆመዋለች፤ ክረምቱን ሙሉ አያልቅባትም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረች። ጢሱ ግን ዓይኗን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው፤ በመርፌ ክር ማስገባት ከተወች ቆይታለች።

ስለዚህ ከጎንደር የመጣው ባለሙያ ሙሉቀን፣ «እበቱ ጉድጓድ ገብቶ ጋዝ ይሆናል፤ ጢስ የለው፣ አመድ የለው» ሲል እንደ ስብከት አዳመጠችው። ችግሩ አንድ ነበር፤ አራት ከብት የሌለው አይመዘገብም። እሷና ባሏ አወቀ ያሏቸው ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው። በምዝገባው ቀን የጎረቤቷን የጽጌሬዳን ሁለት ላሞች ለምና ከደጇ አሰረች። ሙሉቀንም አራት ብሎ ጻፈ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ግን ማን ያስታውሰው!

በጥር ጋዙ ነደደ። የትነበርሽ አለቀሰች፤ የዚያን ቀን እንባዋ የጢስ አልነበረም። ከወፈሩ ሰው አይፈሩ ነውና ከዚያ ወዲህ አፏ አላረፈም። ጽጌሬዳ ቤት ስትገባ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትይዛለች። «ምነው እቴ፣ አንች እንደ ቋንጣ ጢስ ላይ ተሰቅለሽ ልትቀሪ ነው?» ትላለች። ቡና ሊጠጡ የተሰበሰቡት ሴቶች ይስቃሉ፤ ጽጌሬዳ አትስቅም። ያን ዓመት እበቱ ሁሉ ጉድጓድ ገባ፤ የትነበርሽ አንዲት ኩበት አልጠፈጠፈችም። ባሕር ዛፏንም ለጉድጓዱ ሲሚንቶ ሸጣው ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ልጇ አበቡ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች፤ ወጉ ነው። ወንድ ወለደች፣ ሸጋ ልጅ። ጉድጓዱ ግን የሁለት በሬ እበት ድሮም አይበቃውም፤ የክረምቱ ብርድ ሲጨመርበት ጭራሽ ተኛ። ምድጃው እፍ ብሎ ጠፋ። ጉም በበሩ እየገባ ግድግዳውን ያልበው ጀመር። አራስ ያለ ትኩስ ገንፎ፣ ሕፃን ያለ እሳት ቀሩ።

አወቀ የአጥሩን እንጨት ነቀለ፤ ርሶ ስለነበር አልይዝ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ እርሻ በሚታረስበት ወር፣ ሞፈሩን ፈልጦ አነደደው። አንድ ቀን አዋላቸው። በማግስቱ የትነበርሽ ቅርጫት ይዛ ጽጌሬዳ ደጅ ቆመች።

«እቴ፣ የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። አንድ ቅርጫት ኩበት ብቻ።»

«ውይ! ጢስ ለሕፃን?» አለች ጽጌሬዳ። «ዓይኑን ያጠፋበታል። ደግሞስ አንች አራት ከብት ያለሽ ሰው አይደለሽ?»

የትነበርሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እግሯን ልትስም ጎነበሰች። ጽጌሬዳ እግሯን ሰብስባ ገባችና በሩን ዘጋች። ሌሎቹም ደጆች ምክንያት አላጡም፤ አንዷ ርሷል አለች፣ አንዷ አልቋል አለች።

ሕፃኑ በስድስተኛው ቀን ጠዋት በእናቱና በአያቱ መካከል እንደተኛ ሞተ። አርባው አልደረሰም፤ አልተጠመቀም። ስለዚህ ፍታት የለው፣ ደወል የለው። አወቀ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ብቻውን ቀበረው።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ለማጽናናት መጣ። ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ማገዶ ይዞ መሄድ የአገሩ ወግ ነው። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ጽጌሬዳ ነበረች፤ ደረቅ ኩበት በጀርባዋ ተሸክማ ጎብጣለች። እሳቱን ራሷ አቀጣጠለችው። ሌሎቹም እየጨመሩበት ቤቱ ስለጋለ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አወለቁ። አበቡ የጡቷ ወተት ቀሚሷን እያራሰው ከእሳቱ ተነሥታ ደጃፉ ላይ፣ ብርዱ ላይ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች ጽጌሬዳ፣ አመዱን ከእጇ እያራገፈች።

ማገዶ ላመጣ ሰው ማመስገን ግድ ነው። የትነበርሽ ከመደቡ ተነሥታ እጅ ነሣቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።