ወደ ቁንዝላ የወሰድሁት የቤዝቦል ጨዋታ

ቅዳሜ ማለዳ ከባሕር ዳር መናኸሪያ የተነሣሁት የአንድ ጨዋታ መጨረሻ ለአንድ ሽማግሌ ለመንገር ነው። ጨዋታው ቤዝቦል ነው፤ የተካሄደውም ባሕር ማዶ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት። መዝገቡ ያለበት ወይቦ ያለቀ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ወረቀቱን የሰጠችኝ አብራኝ ኮሌጅ የምታስተምረው ትርሲት ናት። ባለቤቱ አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ዳር የማታ ትምህርት ሲማሩ አንድ የውጭ አገር መምህር ነበራቸው። እሳቸው የዜማ ምልክት ያስረዱታል፤ እሱ ደግሞ በልጅነቱ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ በእርሳስ የመዘገበውን ጨዋታ ያስነብባቸዋል። ከዘጠኙ ዙር አምስቱን እንዳስተማራቸው ታመመ፤ ወረቀቱን ትቶላቸው ወደ አገሩ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አሁን መሪጌታ ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። "ቀለሜን ሳልጨርስ ልሞት ነው" እያሉ ትርሲትን መቆሚያ መቀመጫ ቢያሳጧት፣ እሷ የስታትስቲክስ አስተማሪ ነህ ብላ እኔን አሳጣችኝ። ምልክቶቹን ከኢንተርኔት ተማርሁ።

መንገዱ

እስከ ዱርቤቴ አስፋልት ነው። እዚያ ሽሮ በቃሪያ በላሁና ሌላ ሚኒባስ ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሰፌድ እንዳለ ሽምብራ አንገዋለለን። ዶሮ የታቀፉ እናት አጠገቤ ነበሩ።

"ለምን ጉዳይ ነው ቁንዝላ?"

"የኳስ ጨዋታ ልነግር ነው፣ እማማ።"

"ሬዲዮ የለም እንዴ? ለመሆኑ ማን አሸነፈ?"

"አስቀድሜ ለእርስዎ ከነገርሁ የምሄድላቸው ሰው ይቀየሙኛል" ብላቸው ዶሮዋን ወደ ማዶ አዞሩብኝ። ወዲያው ጣና ብቅ አለ፤ ዳር የለሽ፣ ዝም ያለ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ያም ሆኖ አፌን ከፈትሁ።

ቁንዝላ

መሪጌታ ከጀልባ ማረፊያው በላይ ባለው ቤታቸው በር ላይ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ቀረበልኝ። እጄን ታጥቤ፣ "ጨዋታው ያለቀው…" ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ተው! ከመጨረሻው የሚጀምር ምን ዓይነት መምህር ነው? መጀመሪያ የያዝሁትን ላሰማህ። ስሳሳት አርመኝ።"

በቆሎ ትምህርት ቤት ወጉ ይኸው ነው፤ የትናንቱን በቃል ያላሰማ የዛሬውን አይቀበልም። ወረቀቱን ዘረጋሁና ጣቴን የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ አኖርሁ። በሜዳው ላይ ያሉት ዘጠኙ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ኳስ ከማን ወደ ማን እንደሄደች በቁጥር ይጻፋል።

"አንደኛው መቺ አንደኛ ማረፊያ ደረሰ፤ ሁለተኛው ሲመታ ስድስት ወደ አራት፣ አራት ወደ ሦስት፤ ሁለቱም ከጨዋታ ወጡ" አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ለጠጥ አድርገው። ጣቴ ተከተላቸው። ቀጠሉ። አምስቱን ዙር እስኪጨርሱ አንዲት ቁጥር አልሳቱም። ያ ሁሉ ዘመን ያለ ጠያቂ፣ ያለ ሰሚ እንዴት ተያዘ? ደነቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁም።

ስድስተኛውን እኔ አነበብሁ፤ እሳቸው ደገሙት። እስኪያዝላቸው ድረስ ወደ ሰባተኛው አላሳለፉኝም። እየደጋገምን ስንሄድ ሜዳው ታየኝ፤ ወራጅ ኳስ፣ አቧራ፣ ከአባቱ ጎን እርሳስ የያዘ ልጅ። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ የዘጠነኛው ዙር የመጨረሻ ሳጥን ላይ ደረስን። ባለሜዳዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ። ከተጋጣሚው አንዱ ሮጦ ሊገባና ሊያስተካክል ሯጭ ከሚረግጣቸው አራት ማረፊያዎች አንዱ ብቻ ቀርቶታል። ዱላ የያዘው ጓደኛው ተራው ነው፤ ሁለት ሰው ወጥቶባቸዋል፣ እሱም ከወጣ ጨዋታው ያልቃል።

"ምን ይላል?" መደቡን ጨበጡ።

"ኬ የምትባለው የፈረንጅ ፊደል ተገልብጣ ተጽፋለች፣ የኔታ። ዱላውን ሳይሰነዝር፣ ቆሞ እያየ ኳሷ አለፈችው ማለት ነው። በዚሁ ተሸነፉ፤ አለቀ።"

"ቆሞ እያየ?"

"አዎ።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። "ምስኪን! እሱ ባለ ዓይኑ አመለጠችው፤ እኔ ዕውሩ ያዝኋት።"

ከዚያም ጨዋታውን ከአንደኛው ዙር እስከዚያች ፊደል ድረስ ሳያቋርጡ አሰሙኝ። ሲጨርሱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ በእጃቸው ፈልገው ትከሻዬን አገኙ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። ዘለልሁ።

"ኧረ የኔታ! እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ!"

"ቀለም የፈጸመ የመምህሩን ጉልበት ይስማል። የዚያን ሰው ጉልበት ሳልስም ቀርቼ ነበር፤ ዛሬ የኔታ አንተ ነህ። ተቀመጥ።"

ተቀመጥሁ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ እሳቸው አያዩም።

መልስ

በማግሥቱ ስመለስ በዚያ ሁሉ ንጠት ወረቀቱን አላወጣሁም፤ ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ቁጥርን በድምሩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ድምሩ ጋ ለመድረስ ስቸኩል በየሳጥኑ ሰው እንዳለ ልብ አላልሁም ነበር።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ስደርስ ትርሲት በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"አባዬ እንዴት ሆነ? ማን አሸነፈ?"

ወረቀቱን እንደታጠፈ እጇ ላይ አኖርሁና "ወንበር ሳቢ" አልኋት። "አንደኛ ዙር…"